የአመተ ማርያም ተራ

ሸጌ የመጀመሪያውን ዋንጫ ቀድታ ጎንጨት አለችና እዚያው መሬቱ ላይ ተፋችው።

"እመቤቴ ድረሽ!"

ዋንጫውን አሸተተችው፤ እንደገና ቀመሰችው። ምላሷ አልዋሸም። ጠላው ሆምጥጧል። ጥርስ የሚያጠርስ ኮምጣጤ ሆኗል።

ቀኑ ጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ነው፤ ያውም እሑድ። ቅዳሴ ሲወጣ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ከነቄሱ እዚህ ቤት ይገባል። ድፎ ዳቦው በስሏል፣ በጉ ታርዷል፣ መደቡ ላይ አዲስ ጀንዲ ተነጥፏል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተቀምጧል። ጽዋው የሚሞላበት ጠላ ነው የጠፋው።

ባሏ አጥናፉ ጋቢውን እየተከናነበ ወደ ጓዳ ብቅ አለ።

"ምነው፣ እባብ አየሽ?"

"ቅመሰው።"

ቀመሰ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ። "ይኼን እንኳን ለቄስ ለቀማኛም አልሰጥ።"

"አፍህን ዝጋ አንተ ሰው!"

"አንቺ ጋኑን ብትዘጊው ኖሮ እኔም አፌን እዘጋ ነበር። ለመጣ ሁሉ 'ቅመሱልኝ፣ ቅመሱልኝ' ስትይ ሰነበትሽ። ይኼን ሁሉ ቀን አፉ ተከፍቶ ምን ይሁን ብለሽ ነው?"

እውነቱን ነው። ጠላው ገና ጉሽ ሳለ ጥሟት ነበር። ጎረቤት በመጣ ቁጥር የጋኑን አፍ ምርጊት ታነሣና ትቀዳለች። "የኔ ጠላ ነው" ትላለች። "ጽዋ የሚገባበት ቤት ጠላው እንዲህ ነው" ትላለች። ነገሩ ለማን እንደሚነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር።

"ከጠላ ቤት ልግዛ ይሆን?" አለች።

"ለእመቤታችን ጽዋ? የማኅበሩ ወንዳወቅ ይሰማና ጉድሽ ይፈላል።" አጥናፉ አገጩን አሻሸ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የመሰረት ጋን ሙሉ ነው።"

"ስሟን እዚህ ቤት አታንሣ።"

"ስሟን ተይው፤ ጠላዋን ነው ያልሁሽ።"

"አጥናፉ!"

አጥናፉ ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

መሰረት የአመተ ማርያም ልጅ ናት። አመተ ማርያም ደግሞ የሸጌ የልጅነት ጓደኛ ነበረች፤ አብረው ውሃ ቀድተዋል፣ አብረው ተድረዋል፣ አንድ ማኅበር ጠጥተዋል። አምና በጾመ ፍልሰታ ዐረፈች። የሞተ ሰው የማኅበር ወንበር ለልጁ ነው የሚተላለፈው፤ የአመተ ማርያም ወንበርም ለመሰረት ነበር። መሰረት ግን ከሳውዲ ስትመለስ አንዲት ሕፃን አዝላ ነው የመጣችው። ባል የለም። ሰርግ የለም። "አባቷ እገሌ ነው" የሚል ቃልም ከአፏ አልወጣም። እናቷን አስታመመች፣ ቀበረች፣ ተዝካሩን አወጣች፤ ሰዉ ግን ሕፃኗን ባየ ቁጥር ዓይኑን ወደ መሬት ይሰብራል።

ባለፈው ወር ማኅበሩ የሸጌ ባልንጀራ ንብረት ቤት ነበር። ቀጣዩ ተራ የአመተ ማርያም ወንበር ነበርና መሰረት ጽዋውን ልትቀበል የእናቷን ነጠላ ለብሳ፣ ልጇን አስከትላ መጣች። እጇን እንደዘረጋች ሸጌ ከመደቡ ተነሣች።

"ቆይ እስቲ" አለች በሰው ሁሉ ፊት። "ጽዋ የሚገባበት ቤት አባወራው ይታወቃል። የዚች ልጅ አባት ማነው?"

መሰረት የተዘረጋ እጇን ቀስ አድርጋ ሰበሰበች። ልጇን ይዛ ወጣች። ጽዋውን ሸጌ "ለጊዜው" ብላ ተቀበለችው። ያን ሌሊት ለእመቤታችን ቤት የተሟገተች መስሏት ደስ ብሏት ነው የተኛችው።

አሁን ማድጋ ይዛ ንብረት ቤት ሄደች። የንብረት አተላ ብቻ ነው የቀረው። የምትጠምቅ ጎረቤቷንም ጠየቀች፤ የሷ ጥንስስ ነው፣ ገና አልደረሰም። ሰው ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እሷ ባዶ ማድጋ ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

በሯ ላይ አህያ ቆሟል። የአጥናፉ አህያ ነው። ሁለት ጀሪካን ተጭኖበታል። ከአህያው አጠገብ መሰረት ቆማለች። የግቢው በር እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ድንጋይ ላይ ደግሞ ሕፃኗ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች።

"እንደምን አደሩ፣ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምንድን ነው ይኼ?"

"ጠላ ነው። አባባ አጥናፉ መጥተው ነበር።"

ሸጌ ባሏን በዓይኗ ፈለገችው። አውቆ ተሰውሯል። ይኼኔ ቅዳሴ ቆሞ እግዚኦታ ይል ይሆናል።

"እኔ አልላክሁትም።"

"አውቃለሁ። እርስዎ አይልኩም።" መሰረት ጀሪካኑን ከአህያው እየፈታች ነው። "ለነዳያን ብዬ ነበር የጠመቅሁት። የእማዬ ተራ በባዶ እንዳያልፍ ብዬ። ግማሹን ለቤተ ክርስቲያን ደጅ አስቀርቻለሁ። ይኼ ለጽዋው ይሁን።"

የሚለው የጠፋበት ሰው አፉ የሚያመጣው ነገር ጥሩ አይደለም።

"ስንት ነው ዋጋው?"

መሰረት ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ የእናቷ ዓይን ነው፤ ቡኒ ሆኖ ጠርዙ ጠቆር ያለ።

"እማማ፣ ጠላ ሻጭ አይደለሁም።"

"እማ፣ ውሃ" አለች ሕፃኗ ከድንጋዩ ላይ።

"እቤት እንጠጣለን፣ የኔ ዓለም።"

ውሃው እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በሮቶው ነበር። ሸጌ "ግቡ" ማለት ነበረባት። አላለችም። መሰረት ጀሪካኖቹን ከበሩ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

"ከጀሪካኑ ወደ ጋን ይገልብጡት። የጀሪካን ሽታ እንዳይዝ። ማንም አያውቅም፣ እማማ። እኔም አልናገርም።"

ልጇን አዝላ ሄደች። ድንጋዩ ላይ የሕፃኗ የጎማ ጫማ ያራገፈው ትንሽ ጭቃ ቀረ።

ሸጌ ጠላውን ቀመሰችው። ባትቀምሰው ይሻላት ነበር። ያጣራ፣ የወይራው ጢስ ከሩቅ የሚሰማ፣ ጉሮሮ ላይ የማይቆም ጠላ ነው። ልክ የአመተ ማርያም ጠላ።

ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ ገባ። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም መሪው፣ ወንዳወቅ ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ፣ ቀልድ የማይነጥፍበት ሰው። ቄሱ አባ ገብረ ሊባኖስ መስቀላቸውን አሳልመው ከመደቡ ራስ ተቀመጡ። ንብረት እንደ ሁልጊዜዋ ከሸጌ ጎን ሆነች። አጥናፉ ጥግ ይዞ የሚስቱን ዓይን ይሸሻል። ጸሎት ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ።

"ኧረ ሸጌ!" አለ ወንዳወቅ ዋንጫውን ከአፉ አውርዶ። "ይኼን ጠላ ጠጥቼ ቤቴ ካልገባሁ ሚስቴ አንቺን ነው የምትከሰው!"

"እጅሽን ይባርከው" አለች ንብረት። "ሰሞኑን ስታስቀምሺኝ እንዲህ አልነበረም። ለካ ሲሰነብት እየጣፈጠ የሚሄድ ነው!"

አጥናፉ ሳቁን በሳል ቀየረው።

አባ ገብረ ሊባኖስ ዋንጫውን አንሥተው አዩት። "የአመተ ማርያምን ጠላ ነው የሚመስለው። ነፍሷን ይማርልን።"

"አሜን" አለ ሰዉ ሁሉ።

ሸጌ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መሐል ቆማለች። አሁን ብትናገር ነገሩ ያበቃ ነበር። አፏ ግን "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለ። እሷ ሳታዘው፣ በለመደው መንገድ። ቃሉ ከወጣ በኋላ ፊቷ ከአንገቷ ጀምሮ ሲግል ተሰማት። ማንም አላየባትም። የሰው ጠላ በስሟ እየተመሰገነ ከዋንጫ ወደ ዋንጫ እየዞረች ቀዳች።

"እንኳን ጽዋው እዚያች ልጅ ቤት ሳይገባ ቀረ" አለች ንብረት። "ይኼኔ ምን ልንጠጣ ነበር? ፔፕሲ?"

ሰዉ ሳቀ። ወንዳወቅ ጉልበቱን መታ። ሸጌም ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ከንፈሯ ግን አልታዘዝ አላት። "ማንም አያውቅም፣ እማማ" ያለው ድምፅ ጆሮዋ ሥር ነው። ልጅቷ እኮ እቤቷ ተቀምጣ ሸጌን እየሸፈነች ነው። አሁን፣ በዚች ሰዓት። እሷን በሰው ፊት የገፈፈቻትን ሴት።

አባ ገብረ ሊባኖስ ተነሡ። ጨርቁን ከጽዋው ላይ አንሥተው ባረኩና ሞሉት። እንደ ልማዱም ጠየቁ።

"በመካከላችሁ የተቀያየመ፣ የተጣላ አለ? ቂም ይዞ ከዚህ የሚጠጣ አለ?"

"የለም፣ አባ" አለ ሰዉ በአንድ አፍ። ሁልጊዜም "የለም" ነው የሚባለው። አንዱ ሲል ሌላው እየተከተለ፣ እጁን ወደ ዋንጫው እየዘረጋ።

ባለቤቷ ስለሆነች መጀመሪያ የሚሰጠው ለሷ ነው። ሸጌ ጽዋውን በሁለት እጇ ተቀበለች። የጠላው ሽታ አፍንጫዋን ሞላው። ወደ አፏ አስጠግታ ዝቅ አደረገችው።

"አለ፣ አባ" አለች።

"ምን አለ?"

"የተጣላ አለ። እኔ ነኝ።" ጽዋውን መልሳ ለቄሱ ሰጠች። "ይኼ ጠላ የኔ አይደለም። የመሰረት ነው። የኔው ሆምጥጦ ጓዳ ተቀምጧል። ዛሬ ጧት በሬ ድረስ አምጥታ ሰጠችኝ። ስታመሰግኑኝ ዝም አልሁ።"

ንብረት ዋንጫዋን ትክ ብላ አየችው፤ አሁን ገና የጠጣችውን እንዳወቀች።

"ታዲያ ምን አለበት?" አለች ኋላ። "ጎረቤት ጠላ ቢያዋስ አዲስ ነገር ነው? ጥፋቷን አይፍቀውም እኮ።"

"ጥፋቷን ለንስሐ አባቷ ትንገር፣ ንብረት። እኔ የራሴን ነው የማወራው። እኔ እሷን አንቺ ቤት፣ ይኼ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ልጇ ቀሚሷን ይዛ እያየች ገፈፍኋት። እሷ ደግሞ ዛሬ 'ማንም አያውቅም' ብላ ሸፈነችኝ። ውሃ እንኳን አልሰጠኋቸውም። ሕፃኗ ውሃ ስትል እየሰማሁ።" ወደ ቄሱ ዞረች። "ዋጋው ስንት ነው አልኋት፣ አባ።"

አባ ገብረ ሊባኖስ ጽዋውን እንደያዙ መሬት መሬቱን አዩ።

"ባለፈው ወር እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር" አሉ። "መስቀል ይዤ። አንድ ቃል አልተናገርሁም።" ጽዋውን ወደ ቦታው መልሰው ጨርቁን አለበሱት። "ይቆያል። ሂጂ፣ ሸጌ። እኛ እንጠብቃለን።"

"ሂጂ፤ ግን ቶሎ ነይ" አለ ወንዳወቅ። "ይኼኛውም እንዳይሆመጥጥብን።"

ማንም አልሳቀም። ሸጌ ብቻ፣ ዕንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ ሳቅ የመሰለ ነገር አመለጣት።

ከግቢው ልትወጣ ስትል ድንጋዩን አየችው። ጧት ሕፃኗ የተቀመጠችበት። ጭቃው ደርቋል። ሸጌ በዕድሜዋ ደም ያፈሰሰ ወንድ፣ ድንበር የገፋ ወንድ፣ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት ሲንበረከክ አይታለች። የበደሉት ሰው ይቅር እስኪል ድንጋዩ አይወርድም። ሴት ስትሸከም አላየችም። አሮጊት፣ ያውም ለልጅ፣ ጭራሽ ሰምታም አታውቅ። እጇን ሰደደች፤ ተወችው። ጥቂት እርምጃ ሄደች። ተመልሳ መጣችና ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣችው። ማጅራቷ ላይ ስታሳርፈው ወገቧ ሲጢጥ አለ።

መንገዱ ሰው አለበት። ከቅዳሴ የዘገየ፣ ወደ ገበያ የሚወርድ፣ ከደሃና ወረዳ ገብስ ጭኖ የመጣ። ሰዉ መንገድ ይለቅላታል፤ ካለፈች በኋላ ደግሞ ቆሞ ያያታል። በኽምጥኛ የሚንሾካሾኩ ሁለት ሴቶች ስሟን ሲጠሩ ሰማች። አንድ ባጃጅ አጠገቧ ሲደርስ ቀስ አለ።

"እማማ! ምን ሆነው ነው? ይውጡ ላድርስዎ!"

"በባጃጅ ካስጫንሁትማ ምኑን ተሸከምሁት፣ ልጄ? ሂድ፣ እመቤቴ ትከተልህ።"

ልጁ አልገባውም። ሄደ። ሸጌ አንገቷን እንደደፋች ቀጠለች። ሰው እያያት መሄድ ምን እንደሚመስል አሁን ነው የገባት። መሰረት ይኼን መንገድ ልጇን አዝላ ዓመት ሙሉ ስትመላለስበት ነበር።

የአመተ ማርያም ቤት በር ገርበብ ብሏል። ሕፃኗ ደጃፉ ላይ በቆርኪ ትጫወታለች። ቀና ብላ አየቻት፤ አልፈራችም።

ሸጌ ተንበረከከች። ፊታቸው እኩል ሆነ። ስለዚች ልጅ ዓመት ሙሉ ስታወራ፣ ስትጠይቅ ነበር። የማን ናት፣ ከየት ናት። አሁን ፊት ለፊቷ ሆና አንድ ነገር እንደማታውቅ ገባት።

"ስምሽ ማነው፣ የኔ እናት?"

"አመተ ማርያም" አለች ልጅቷ።

ሸጌ ዓይኗን ጨፈነች። ድንጋዩ አሁን ነው የከበደው።

መሰረት ድምፅ ሰምታ ወጣች። "እማማ! ኧረ በእመቤቴ! ይጣሉት! ሰው ያያል!"

"ይይ። አንቺንም ሰው ነው ያየሽ።" ቃሉ ማጅራቷ ከታጠፈበት በግድ ነው የሚወጣ። "በድዬሻለሁ፣ መሰረት። እናትሽ ብትኖር ዓይኗን አላይም ነበር። ነግሬያቸዋለሁ፤ ጠላው የማን እንደሆነ ሁሉም ሰምቷል። ይቅር በይኝ ልልሽ ነው የመጣሁት።"

መሰረት ሮጣ መጥታ ድንጋዩን ከአንገቷ አወረደችው። መሬት ላይ አስቀምጣው እሷም አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ይቅር ለእግዚአብሔር፣ እማማ። ይቅር ብያለሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥሽ። እንግዲያው ተነሺ፤ ጽዋው አንቺን እየጠበቀ ነው።"

መሰረት ራሷን ነቀነቀች። "እሱን አይበሉኝ። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ያን ቀን አይቶኛል። አንድም ሰው 'ተቀመጪ' አላለኝም። ይቅር ብያለሁ፤ እግሬ ግን አይሄድም።"

ሸጌ አፏን ከፈተች። 'ለእናትሽ ስትይ' ልትል ነበር። 'ለቄሱ ስትይ፣ ለሽበቴ ስትይ' ልትል ነበር። እንዲህ ያለው ቃል እምቢ እንደማይባል ታውቃለች፤ በዚያ ቃል ስንቱን ሰው ሳይወድ አስነሥታለች። ዋጠችው።

"እሺ፣ ልጄ" አለች።

ድንጋዩን እየገፋች ከደጃፉ አጠገብ አስጠጋችውና ተቀመጠችበት። ነጠላዋን አስተካከለች።

"ምን እያደረጉ ነው፣ እማማ?"

"ጽዋው ይቆያል ብለዋል፣ አባ። እኔም እቆያለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።"

"ቢመሽስ?"

"ይምሽ።"

"እንግዲያው ይግቡ እንጂ፤ መንገድ ላይ?"

"እኔ ጧት ግቢ አላልሁሽም። እዚህ ይበቃኛል።"

መሰረት ቆማ አየቻት። ዞራ ወደ ቤት ገባች። ከውስጥ የአመተ ማርያም የነጠላ ሣጥን ክዳን ሲከፈት የመሰለ ድምፅ ተሰማ። መንገደኛው ያልፋል፣ ያያል። ሸጌ ፊቷን አላዞረችም፤ ነጠላዋንም ወደ ዓይኗ አልጎተተችም።

ሕፃኗ ቆርኪዋን ትታ መጣች። ፊት ለፊቷ ቆማ ድንጋዩን ዞር ብላ መረመረችው።

"ይኼ የኔ ድንጋይ ነው" አለች።

"አዎ፣ ያንቺ ነው" አለች ሸጌ። ወደ ጫፉ ፈቀቅ አለችላት። "ትንሽ አስጠጊኝ።"